ልጄን የለካሁበት አቡጀዲ

ነገሩ የሆነው በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ዳር ባለ የስደተኛ ሰፈር ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዞሬአለሁ፤ ቁረይሻ ወርጄ ሰሊጥ አጭጃለሁ፣ ፋው ተሻግሬ ጥጥ ለቅሜአለሁ፣ ሰው ቤት ልብስ አጥቤአለሁ። ያ ቀን ግን በሄድኩበት ሁሉ ተከትሎኛል። ሰሞኑን ደግሞ የልጅ ልጄ የስፌት መኪናዋን አልጋዋ አጠገብ ገትራ፣ ነገ ሥራ ይኑር አይኑር ሳታውቅ ስትብሰለሰል ሳያት ባሰብኝ። እኔ ፊደል አልለይም፤ እየነገርኳት የምትጽፈው እሷው ናት።

በመተማ በኩል ስንገባ ሁለት ነበርን፤ እኔና የስድስት ዓመት ልጄ ዝናሽ። አባቷ መንገድ ላይ ቀርቷል። ሰፈሩ ውስጥ በየቀኑ ሰው ይሞታል። መግነዝ የሚያዘጋጅ ሰው ሲፈለግ "እጇ የቀና ናት" ብለው እኔን ጠቆሙ። ለሠራ ሰው ዱራ፣ ማሽላውን ማለቴ ነው፣ ጨመር ተደርጎ ይሰፈርለታል። የዝናሽ አንገት ቀጥኖ ነበር። እሺ አልኩ።

አቡጀዲው በጣቃ ጎጆዬ ድረስ ይመጣልኛል። እቀድዳለሁ፣ ማሰሪያውን ከጫፉ አወጣለሁ፣ አጥፌ እከምራለሁ። የምንተኛው እዚያው፣ የምንበላው እዚያው። ገንፎ ሳገነፋ ክምሩ የሚያየኝ ይመስለኛል። ልጄ ባሳለች ቁጥር እጄ ይደርቃል። ጨርቅ ሳልነካ እንኳ የቀደዳው ድምፅ ጆሮዬ ላይ እየመጣ ቁጭ ባልኩበት እባንን ነበር።

ለአዋቂ በክንዴ ነው የምለካው። አንድ ቀን ግን "ጨርቁ እያለቀ ነው፤ የልጆቹን በልካቸው አድርጊው" የሚል ትእዛዝ መጣ። የልጅ ልክ ስንት ክንድ እንደሆነ ጠፋብኝ። ዝናሽ ደጅ በአፈር ስትጫወት ነበር። "ነይ እስቲ" አልኳት። ጫፉን አስረገጥኳት፣ እስከ አናቷ ሳብኩት፣ ጥቂት ጨምሬ ቀደድኩት።

"እማ፣ የእኔ ቀሚስ ነው?" አለችኝ።

"ዝም በይ" አልኳት።

በእኛ ዘንድ በቁሙ ያለ ሰው በመግነዝ አይለካም። ይህን አጥቼው አይደለም። ልቤ ሳያስብ እጄ ቀደመ። አጥፌ ከሌሎቹ ጋር ከመርኩት።

ከጥቂት ቀን በኋላ ዝናሽ ጠዋት ዓይኗ ቀልቶ ተነሳች። ቀትር ሳይሆን ሰውነቷ ፍም ሆነ፤ ሽፍታው ፊቷን አልፎ ደረቷን ሞላው። ኩፍኝ። ኩፍኝ በዚያ ሰፈር ምን ሲያደርግ እንደከረመ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ጨርቁን የምቀድደው እኔ ነኝ። በሽታ ሳይሆን ያ እጄ የያዛት መሰለኝ።

በዚሁ መሃል ቀባሪው አቶ ኃይሉ በሩ ላይ ደረሰ።

"እህቴ፣ የልጆቹን ስጪኝ። ሦስት ናቸው፤ ፀሐይ ላይ ነው ያሉት።"

ክምሩ ላይ ተቀመጥኩበት። "አልሰጥም።"

"ምን ሆነሻል? እናቶቻቸው ይጠብቃሉ እኮ!"

"አንዱ የልጄ ነው። የትኛው እንደሆነ አላውቅም።"

ሰውየው ወደ ዝናሽ አየ። ብሰጠው ልጄን አሳልፌ የሰጠሁ መሰለኝ፤ ብከለክለው የሰው ልጅ ፀሐይ ላይ ነው።

ጎረቤቴ እትዬ ከድጃ ጩኸቱን ሰምታ ገባች። የሰፈሩ አዋላጅ ናት፤ ምላሷ እሾህ፣ ልቧ ቅቤ።

"ተነሽ ከዚያ! እንቁላል ታቅፈሻል እንዴ?"

የሆነውን ሁሉ ነገርኳት።

"ምልክት የለውም?"

"ረግጣዋለች" አልኩ፤ ሌላ የማስታውሰው አልነበረም።

ጨርቆቹን አንድ በአንድ ብርሃን ላይ ዘረጋቻቸው። አራተኛው ላይ ቆመች። ከጫፉ ላይ አምስት ትንንሽ የእግር ጣት በአፈር ታትሟል።

"ይኸውልሽ። ሙት አይረግጥም" አለችኝ። የቀሩትን ለአቶ ኃይሉ አስታቀፈችውና "ሂድ አንተ፣ አላህ ያበርታህ" አለችው።

ከዚያ ያንን ጨርቅ ለሁለት አጥፋ መሃሉን በቢላ ቀደደችው።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"የሙት ከፈን አንገት የለውም፤ አንገት ካወጣሁለት ቀሚስ ነው። ልጅቷ ከአንቺ ይልቅ አውቃለች።"

በዝናሽ አናት አጠለቀችው። እውነቱን ልናገር፣ ፍርሃቴ አልለቀቀኝም። ነጭ ለብሳ ተኝታ ሳያት እንዲያውም ባሰብኝ። ለቀናት ትንፋሿን እያዳመጥኩ ከጎኗ አልተነሳሁም። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ዓይኗን ገልጣ ቀሚሱን ዳበሰችው።

"እማ፣ እጅጌ የለውም" አለችኝ።

እየሳቅኩ አለቀስኩ።

በማግስቱ እትዬ ከድጃ ጣቃውን ራሷ ተሸክማ አወጣችው። "ይሄ ሥራ ልጅ ካለበት ጣራ ሥር አይገባም!" የሣር ዳስ ጣልን፣ ሌሎች ሴቶችም መጡ፤ አብረን እንቀድዳለን፣ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ሸፍነነው፣ እጃችንን በር ላይ ታጥበን እንገባለን። ፍርሃቱ አልጠፋም። ግን ደጅ ማደር ለመደ።

ዛሬም ገበያ ላይ አቡጀዲ ሳይ መንገድ እቀይራለሁ። ልጄ ስለተረፈች ደስ ይለኛል፤ አንገት የሚያወጣላቸው ያላገኙት ሦስቱ ትዝ ሲሉኝ ግን ደስታዬን ድምፄን አጥፍቼ ነው የምደሰተው።

የልጅ ልጄን የስፌት መኪና፣ እሱም ደጅ ይደር ብለን፣ ትናንት ወደ በረንዳ አወጣነው። ከባድ ነው። በአንዱ ወገን እሷ፣ በሌላው እናቷ ዝናሽ ይዘውት ነበር፤ እኔ መንገድ ከፈትኩ።