ከቤቱ ጋር የተቀበልኩት አደራ

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ቤቴን ጠበል ሊረጩ ሲመጡ መስቀላቸውን እሳለማለሁ፣ ወንበር እስባለሁ፣ አፌን ግን አልከፍትም። ለአንተ ለማታውቀኝ አንባቢ የምናገረው ፊትህን ስለማላይ ነው። ፈሪ ነኝ፤ ይህን ከወዲሁ እወቅልኝ።

ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መሐል ሜዳ አስተማሪ ሆኜ ተመደብኩ። በከተማው ዘመድ የለኝም፣ ሚስት የለኝም፤ ፍራሼን ተሸክሜ ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው መዞር ሰልችቶኝ ነበር። እማማ ዘርፌ የሚባሉ እናት ከተማው ዳር ያለውን አሮጌ ቤታቸውን እንደሚሸጡ ሰማሁ። ግድግዳው ደህና ድንጋይ ነው፤ የጓሳ ሣር ክዳኑ ግን በስብሶ ዝናብ ያስገባል፣ በሩም አይገጥምም። በአስተማሪ ደመወዝ የሚደፈር ቤት እሱ ብቻ ነበር።

እማማ ዘርፌ ብቻቸውን ነበሩ። ባላቸው ሞተዋል። አንድ ልጃቸው ሽመልስ ውትድርና ሄዶ፣ ጦሩ ሲበተን አልተመለሰም። ሽማግሌዎች ፊት ውሉን ስንፈራረም አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ።

«ልጄ የሚያውቀው ይህን ደጅ ነው። ከመጣ፣ እናትህ ዘመሮ ከተማ የእህቷ ልጅ ዘንድ ናት በለው። አደራ፣ መምህር።»

እሺ አልኩ። እኔ ነኝ እሺ ያልኩት።

ሁለት ዓመት ሙሉ ቤቱን ስጠግን ኖርኩ። ጓሳውን አውርጄ ቆርቆሮ አለበስኩ፣ በሩን ቀየርኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ የሚጠብቀኝ ሰው ስለሌለ ግድግዳውን እያናገርኩ እለስን ነበር ብልህ አትሳቅብኝ።

አንድ ቅዳሜ ሰፈሩ በሙሉ ቀብር ወጣ። እኔ በገብስ ጭድ ጭቃ አቡክቼ ስለነበር እንዳይደርቅብኝ ብዬ ቀረሁ። አንድ እግሩን የሚጎትት ሰው መጥቶ ደጁ ላይ ቆመ። ስሙን ሳይነግረኝ አወቅኩት፤ ዓይኑ ቁርጥ የእማማ ዘርፌ ነው።

«እናቴን ፈልጌ ነው» አለኝ።

ምን ነበረበት ዘመሮ ናቸው ብል? እኔ ግን ያሰብኩት ቤቱን ነበር። ቤቱ የአባቱ ነው፤ ውሉ ላይ የልጁ ፊርማ የለበትም። መልስልኝ ቢለኝ የት እገባለሁ?

«ቆላ ወርደው መርሐቤቴ ዘመዶቻቸው ዘንድ አርፈው እዚያው ተቀበሩ ሲባል ሰምቻለሁ» አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት። እጄ በጭቃ እንደተለወሰ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ በሕይወት ያሉ እናቱን ገደልኩበት።

መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ስለ ቤቱ አንዲት ነገር አልጠየቀኝም። ሲነሳ ግድግዳውን ዳሰስ አድርጎ «ደህና አድርገህ ይዘኸዋል፣ እግዜር ይስጥህ» አለኝ። ናዝሬት ጎማ ጥገና እንደሚሠራ ነገረኝ፤ መቃብራቸውን ካወቅኩ ወሬ እንድልክበት። የሚያጽናናው ጎረቤት እንኳ አላገኘም። ሰው ከቀብር ሳይመለስ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄደ።

ሁለት ክረምት አለፈ። እማማ ዘርፌ ተስፋ ቆረጡና የልጃቸውን ተዝካር አወጡ። ብቀር ሰው ይጠረጥረኛል ብዬ ዘመሮ ሄድኩ። ካህናቱ ፍትሐት ሲያደርሱ፣ ስሙን በጠሩ ቁጥር እኔም እንደ ሰው ሁሉ አማተብኩ። እማማ ዘርፌ ከሰው ሁሉ ለይተው አጠገባቸው አስቀመጡኝና በእጃቸው አጎረሱኝ።

«ደጁን የጠበቅክለት አንተ ነህ። ለነፍሱ ብላለት፣ ልጄ።»

የት እንዳለ አውቃለሁ። ከተማውን አውቃለሁ፣ ሥራውን አውቃለሁ። ጉርሻውን አላምጬ ዋጥኩ።

በዓመቱ ሞቱ። ቀብራቸው ላይ አፈር ካለበሱት አንዱ እኔ ነኝ። ልጃቸውም የእኔን ወሬ በሰማበት ዓመት እንደ ወጉ የእናቱን ተዝካር ናዝሬት አውጥቶ ይሆናል፤ ያኔ እሳቸው ዘመሮ ደጅ ላይ ተቀምጠው መንገድ መንገዱን ያዩ ነበር።

ወጣት ነበርኩ፣ ድሃ ነበርኩ፣ ብቸኛ ነበርኩ ልል እችላለሁ። እሳቸውስ ብቸኛ አልነበሩም? ሰው ቢያውቅ አደራ በላ ይለኛል፤ ልክ ነው። ይህ ከሆነ ብዙ ዘመን አለፈ፤ ሽመልስ ግን ምናልባት ዛሬም ጎማ ይጠግናል። ወደ ናዝሬት መኪና አይጠፋም። እግሩ ላይ ወድቄ እውነቱን ልነግረው እችላለሁ። አልሄድኩም። ዛሬም ቤቱን እንዳይወስድብኝ እፈራለሁ።