ዘንገናን የሰረዝኩበት ቀን

ሰው ቤት ሠርቼ ስወጣ ዱካዬ እንዲቀር አልወድም። እንጅባራ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። አባቴ ገበሬ ነበር፤ በሰው አውድማ ወቅቶ ሳይጠርጉ መሄድ ነውር ነው እያለ ነው ያሳደገን። እኔም ለሥራ ብዬ ደንበኛ ኮምፒውተር ላይ የጫንኩትን ፕሮግራም፣ ሥራው ሲያልቅ አጥፍቼ፣ ፎልደሩን ከነግሳንግሱ ሰርዤ ነው የምነሳው። አሰራረዜም የዋዛ አይደለም። በኛ ከተማ ቫይረስ በፍላሽ ከቢሮ ቢሮ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት ፎቶ ኮፒ ቤት ስለሚዞር፣ የተሰረዘ ነገር ተመልሶ የሚገኝበት ቦታ እንዲቀመጥ አንፈቅድለትም። ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ እንጫናለን፣ ለአንዴም ለሁሌም ይጠፋል። በዚህ ንጽህናዬ እኮራ ነበር፤ ሌሎቹን ጠጋኞች ዝርክርኮች እላቸው ነበር።

ዳንግላ ድረስ የጠሩኝ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ አስተማሪዬ ናቸው። ጡረታ ወጥተው ቤት መዋሉ ሲከብዳቸው፣ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው በብሎክ ቤትና ተራራ የሚሠራበት አንድ ጌም አስጀመሯቸው። ወሬውን ስሰማ ስቄ ነበር። እሳቸው ግን ጌሙን መማሪያ ክፍል አደረጉት። አንዱ ከባሕር ዳር፣ አንዱ ከሐዋሳ፣ አንዷ ከዓረብ አገር በኢንተርኔት እየገቡ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ከዳንግላ እስከ ጥሊሊ ያለውን አገር አብረው ሠሩት። ዘንገና ሐይቅን መምህሩ ብቻቸውን ቆፈሩት፤ ዙሪያውን ገደሉን፣ ጫካውን፣ ጥልቀቱን ሁሉ ሳይቀር። ተማሪዎቹ ደግሞ በየፊናቸው የየራሳቸውን ቤት ሠሩ።

ይህ ሁሉ የሚቀመጠው በውጭ አገር የኪራይ ሰርቨር ላይ ነበር። አከራዮቹ ሥራ ሊያቆሙ ሆነና፣ ዓርብ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም ነገር ይዘጋል የሚል መልእክት ላኩ። መምህሩ መልእክቱን ያዩት ሐሙስ ነው። "ልጄ፣ አገሬን አውጪልኝ" ብለው ደወሉልኝ።

ዓርብ በጠዋት ደረስኩና ፋይል ማስተላለፊያውን ጫንኩት። ቀላል ፕሮግራም ነው፤ በአንድ በኩል ሰርቨሩን፣ በሌላው በኩል ኮምፒውተሩን ያሳይሃል፤ ከዚያ ወደዚህ ያጓጉዛል። ኔትወርኩ ግን ይንቀራፈፋል። መብራትም ሁለቴ ሄደ፤ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። እሳቸው ወንበራቸውን ስበው አጠገቤ ተቀምጠው፣ የሚገባውን ፋይል ሲቆጥሩ ዋሉ። እኔ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም፤ አምስት ሰዓት ሙሉ ስቁነጠነጥ ሰባት ሰዓት ሆነና አለቀ።

"እስቲ ከፍተሽ አሳይኝ" አሉ።

"ገብቷል ቲቸር፣ ይመኑኝ። ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ነው።"

ምሳ ሳልበላ እንደማልሄድ ምለው ተገዘቱ። እሳቸው ምሳ ሊያስቀርቡ ጓዳ ሲገቡ እኔ ጽዳቴን ጀመርኩ። ፕሮግራሙን አጠፋሁ፤ ፎልደሩንም ሁለቱን ቁልፍ ተጭኜ ሰረዝኩ። ያወረድነው ሁሉ እዚያው ፎልደር ውስጥ መግባቱን ልቤ ያውቅ ነበር፤ እጄ ግን አልጠየቀውም። ከዚያ ሽሮውን አጣጥሜ በልቼ፣ ተመርቄ ወጣሁ።

ሚኒባሱ አዲስ ቅዳም ከተማ ሲደርስ ስልኬ ጮኸ።

"ልጄ፣ የት ነው ያስቀመጥሽልኝ? ፈልጌ አጣሁት" አሉኝ፣ እሳቸው የተሳሳቱ ይመስል ቀስ ብለው።

"ወራጅ አለ!" ብዬ የጮኽኩት ጩኸት ሾፌሩን ሳያስደነግጠው አልቀረም። መንገድ ዳር ከተደረደረው የከሰል ጆንያ አጠገብ ቆሜ፣ ወደ ዳንግላ የሚመለስ መኪና ስጠብቅ ራሴን ስሰድብ ነበር። አውድማውን ከነእህሉ ጠርጌው ሄጃለሁ።

ቤታቸው ስገባ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። "ሰርዤዋለሁ ቲቸር" አልኳቸው። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አሉ። ከዚያ ሰዓታቸውን አዩ። "ስንት ይደርስልናል?"

"ግማሹ። እሱም መብራት ካልሄደ።"

ፕሮግራሙን እንደገና ጫንኩት። ጌሙ አገሩን በካሬ በካሬ ከፋፍሎ ነው የሚያስቀምጠው፤ እያንዳንዱ ካሬ አንድ ፋይል ነው፣ ስሙም ቁጥር ብቻ ነው፦ ወደ ምሥራቅ ስንት፣ ወደ ደቡብ ስንት። እኔ ስክሪኑ ላይ የቁጥር መዓት አየሁ። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው፣ ልክ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንዳለ ካርታ በጣታቸው እየነኩ አነበቡት። ይኼ ዳንግላ፣ ይኼ ወደ አዘና፣ ይኼ እንጅባራ።

"ዘንገናን ላስቀድም?" አልኳቸው። ጥፋቴን የምክስበት ነገር እሱ ብቻ መሰለኝ።

"ቆይ" አሉና የካሬዎቹን ቁጥር በወረቀት ይጽፉልኝ ጀመር። የጻፉት በሙሉ ቤት ያለበት ነው። የባሕር ዳሩ ልጅ ፎቅ። የዓረብ አገሯ ልጅ ግቢ፣ ለእናቷ የሠራችው። አንድ ካሬ ሲገባ የባለቤቱን ስም ጠርተው በእርሳስ ምልክት ያደርጉበታል። ሐይቁን የያዙት አራት ካሬዎች ከዝርዝሩ መጨረሻ ሆኑ።

አሥራ ሁለት ሊሞላ ሃያ ደቂቃ ሲቀር ልቤ አልቻለም። ሳልጠይቃቸው ሐይቁን ጎትቼ አስቀደምኩት። አዩኝ።

"መልሺው። አንድ ቤት ቀርቷል።"

ያሉኝን ካሬ አውቀው ነበር፤ ጠዋት ጌሙ ውስጥ አሳይተውኛል። "ቲቸር፣ አራት ግድግዳ እኮ ነው! ክዳን እንኳ የለውም! የሦስት ዓመት ልፋትዎን በሱ ይለውጣሉ?" ብዬ ተቆጣሁ። አጥፊዋ እኔ፣ ተቆጪዋም እኔ።

"የሠራው ተማሪዬ አምና ሞተ" አሉኝ። "ሐይቁን እኔ አለሁ፣ እቆፍረዋለሁ። እሱን ግን ማን ይሠራዋል?"

ሐይቁን ወደ መጨረሻ መለስኩት። ያ ካሬ ገብቶ እንዳበቃ፣ ከሐይቁ የመጀመሪያው ካሬ እንኳ ሳይገባ አሥራ ሁለት ሞላና የሰርቨሩ ዝርዝር ባዶ ሆነ። አለቀስኩ፤ እሳቸው ፊት ማልቀሴም አላሳፈረኝም።

ያዳንነውን አገር አሁን ከፍተን አየነው። ቤቶቹ ሁሉ በየቦታቸው ቆመዋል። የጎደለውን ጌሙ ከራሱ መሬት ይሞላዋልና፣ ዘንገና በነበረበት ማንም የማያውቀው ሜዳ ተዘርግቷል። መምህሩ ሜዳውን አልፈው ቀጥታ ወደ ልጁ ቤት ሄዱ፤ ገብተው በአራቱ ግድግዳ መሃል ቆሙና ቀና ብለው ሰማዩን አዩ።

"እኔ ልክደነው?" አልኩ።

"ተይው። እሱ ያቆመበት ላይ ይቁም።"

ከዚያ ወደ ሜዳው ተመለሱና፣ አንድ ቦታ ላይ ቆመው ማውሱን ለኔ ሰጡኝ።

"የምሥራቁ ገደል እዚህ ጋ ነው የሚጀምረው" አሉኝ። "ቆፍሪ።"

ቆፈርኩ።