ፋሪዳ ከቤቷ ሳትነሳ የማዶ ሰው ሆነች

ከፋሪዳ ጋር የተዋወቅነው አየር ጤና ጆግና ሳፋ ስንሸጥ ነው። ቤቷ ከእኔ ቤት ፊት ለፊት ነው፤ መሃላችን ትንሽ ወንዝ አለ። እኔ ትምህርት ከአራተኛ ክፍል አቋርጫለሁ፣ እሷ ጭራሽ አልገባችም። ስለዚህ ማስታወቂያ ሲለጠፍ የማነብላት እኔ ነኝ። ማንበቡን አነባለሁ፤ የሚያስቸግረኝ መረዳቱ ነው።

የአዲስ አበባ ድንበር እንደገና ሲሰመር ወንዙ መለያ ሆነ። ፋሪዳ አንድ ማንኪያ ሳታነሳ ወደ ማዶው ክልል ገባች፣ መታወቂያዋም ተቀየረ። ዘንድሮ ልጇ ሰልዋ እዚህ ስድስተኛን ጨርሳ ሰባተኛ ልትመዘገብ ስትሄድ፣ ትምህርት ቤቱ የወላጅ የአዲስ አበባ መታወቂያ ጠየቀ። ማዶ ያለው ትምህርት ቤት የሚያስተምረው በአፋን ኦሮሞ ነው። ሰልዋ ለገበያ ያህል ትግባባበታለች እንጂ ሒሳብና ሳይንስ አልተማረችበትም። እዚህ ካልተመዘገበች ዓመቷ ይቃጠላል።

ወረዳ አብረን ሄድን። ፋሪዳ ከቦርሳዋ የእድር ደብተሯን አወጣች። እድራችን በዚህኛው ዳር ነው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አባል ነው፤ እሷ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የአንድ ወር መዋጮ አላሳለፈችም። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ይኖራል ብላ አላሰበችም። እኔም አላሰብኩም።

ሠራተኛዋ ደብተሩን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ ሳቀች።

«እናቴ፣ ይሄ እኮ ለቀብር ነው።»

«ስሞት የዚህ ሰፈር ሰው ነኝ፣ ልጄ ስትማር ግን አይደለሁም?»

«ሞት ክልል የለውማ!» አሉ ከኋላችን የተሰለፉ ሽማግሌ። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ፋሪዳም አብራ ሳቀች፣ ደብተሩን ግን ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛው ነበር።

ማዶ ሄደን ጠየቅን። እዚያ ያለው ሰውዬ ደህና ሰው ነው፤ ወንበር ሰጠን። «እኛ ጋ ቦታ አላት። የእነሱን ደንብ ግን እኛ አንቀይርም፣ እነሱም የእኛን አይቀይሩም» አለን። ሁለቱም ጋ ደንቡ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ ሁለቱም ጋ ማህተም አለው። ማን ተሳሳተ? እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ወረዳ ስንመለስ ሠራተኛዋ መላ ነገረችን። ሰልዋ ከማዶ መሸኛ ይዛ ትምጣ፣ እዚህ ነዋሪ በሆነ ሰው ቤት ትመዝገብ፣ ያ ሰው አሳዳጊ ይባል። ሁለቱም እኔን አዩኝ። እሺ አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

መሸኛው ሰልዋን ከእናቷ የቤተሰብ ቅጽ ላይ ያወጣታል።

«ከእኔ ትፋቅ ነው የምትይኝ፣ ፅጌ?»

«በወረቀት ብቻ ነው።»

«ከሰፈሬ ያስወጣኝስ ወረቀት አይደል እንዴ?»

ማዶ ቢሮ ሄደን፣ ምሳ ሰዓት እስኪደርስ አልፈርምም ብላ ተቀመጠች። ሰልዋ አጠገቧ ጥፍሯን ትበላለች። በመጨረሻ ፋሪዳ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አሳረፈች። መሸኛውን ይዘን ወረዳ ተመለስን። የመመዝገቢያው ቅጽ ላይ «ከቤቱ ባለቤት ጋር ያላት ዝምድና» ይላል። ሠራተኛዋ ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ራሷ «ዘመድ» ብላ ጻፈች።

ሰልዋ ሰባተኛ ገባች። የምታድረው እናቷ ቤት ነው፤ በወረቀት የምትኖረው እኔ ጋ ነው። ባለፈው ቅዳሜ የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። ፋሪዳ አዲስ ሂጃብ አድርጋ መጣች። በሩ ላይ ጥበቃው ዝርዝሩን አየና እኔን ብቻ አስገባኝ።

ስወጣ አጥሩን ተደግፋ ጠበቀችኝ።

«ምን አሉ?»

«ሒሳብ ጎበዝ ናት አሉ።»

«የማን ልጅ ናት አሉ?»

ክንዴን ያዘችና ወደ ፌርማታው ሄድን።