እናቴ የመረጠችው መደገፊያ

የሰሊጥ ዘይት የተቀባ ሽመል፣ የቆላችን ቀርከሃ፣ በእሳት ሲቃና የሚወጣው ሽታ፣ አሶሳ ገበያ ዳር አልጋ ከሚሠሩት ሰዎች ግቢ ድንገት ሲመጣብኝ፣ እስከ ዛሬ አንገቴን ቀና ያደርገዋል። ሌላው ሰው የልጅነቱ ሽታ ሲመጣበት ሆዱ ይባባል፤ እኔ ግን እልሄ ነው የሚነሳው። እናቴ ትዝ ትለኛለቻ!

የንጉሡ ጦር ከደጋ ወርዶ አገራችንን ከያዘ ጥቂት ክረምት ብቻ አልፎ ነበር። ቤታችን አባቴ በድንጋይ ምሰሶ ላይ የሠራት ክብ ቤት ነበረች፤ ምስጥና ጎርፍ እንዳይደርስባት ከመሬት ከፍ ብላ ትቆም ነበር፣ ከሥሯም ፍየሎቻችን ያድሩ ነበር። ወደ በሩ የሚያወጣው የድንጋይ ደረጃ መደገፊያ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ዓይን ላለው ሰው ምን ያደርግለታል? አባቴ ለጨው ንግድ ወደ ሱዳን ወርዶ በዚያው በንዳድ ሞተ። ከዚያም ወንዝ ዳር ያደጉትን ብዙ ሰዎች የሚይዘው የዓይን በሽታ እናቴን ያዛትና፣ መጀመሪያ የመርፌው ቀዳዳ፣ ቀጥሎ የሰው ፊት፣ በመጨረሻም ብርሃኑ ራሱ ጠፋባት።

ክረምት ሲገባ አንድ ጠዋት ድንጋዩ አዳልጧት ወደቀች፣ ጎኗንም ተጎዳች። ወሬው ሳይበርድ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ ናስር፣ ከተፍ አለ። ቤታችን ከነጋዴዎች መንገድ በላይ ስለነበረች እንግዳ ሁሉ የሚያርፈው እኛ ዘንድ ነበር፤ አጎቴ ደግሞ ያችን ቤት አዲስ ላገባት ሚስቱ ከተመኛት ቆይቷል።

«የወንድሜ ሚስት፣ እንግዲህ ይበቃል» አላት። «ከዚህ ደረጃ ወድቀሽ ብትሞቺ አገሩ የሚወቅሰው እኔን ነው። ግቢዬ ውስጥ ጎጆ አለ፣ ልጅሽን ይዘሽ ነዪ።»

«እርስዎ ታላቅ ነዎት፣ አከብርዎታለሁ» አለች እናቴ። «ከቤቴ ግን ንቅንቅ አልልም።»

ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ሽማግሌዎቹም ደረጃው መደገፊያ ይበጅለት፣ በጋው ሳያልቅ እናቴ ሐዋ የሰው እጅ ሳትይዝ ውሃዋን ተሸክማ ከወጣች ቤቱ የእሷ ነው፣ ካልወጣች ትውረድ ብለው ፈረዱ። አጎቴ «መደገፊያውን እኔው አሠራለሁ» ብሎ፣ ዝናቡ ሳያባራ ሽመል አስቆርጦ አሰረላት።

በእኛ አገር ግን ሽመል በክረምት አይቆረጥም። ዝናብ የጠጣ ሽመል ስለሚጣፍጥ ነቀዝ ይወደዋል፤ የሚቆረጠው በበጋ፣ ጨረቃ ስትጠፋ ነው። ይህን የማያውቀው ጡት የሚጠባ ሕፃን ብቻ ነው፤ አጎቴም ጠፍቶት ሳይሆን ቸኩሎ ነበር፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ! ያሰረውም ደግሞ በቀኝ በኩል። ሴቶቻችን ውሃ የሚሸከሙት በቀኝ ትከሻቸው ላይ አግዳሚ እንጨት አጋድመው፣ አንዱን ቅል ከፊት አንዱን ከኋላ አንጠልጥለው ነው፤ ቀኝ እጃቸው እንጨቱን ይይዛል፣ ነፃ የሚሆነው ግራው ብቻ ነው። ሸክም የማያውቅ ወንድ ከየት ይወቀው?

መስከረም ሲጠባ እናቴ ጆሮዋን ሽመሉ ላይ ለጠፈችና «ነዪ ስሚ» አለችኝ። ሰማሁ፤ ውስጡ ቅርጭጭ፣ ቅርጭጭ ይላል። «የአጎትሽ ሽመል ውስጥ ድግስ ተደግሷል» አለችና ማሰሪያውን አስቆርጣኝ ሽመሉን ወደ ፍየሎቹ ወረወረችው።

አጎቴ ሲሰማ እየጮኸ መጣ። «ያበጀሁልሽን ከጣልሽ ቤቱንም ጥለሻል!»

«የጣልኩት እንጨቱን ነው እንጂ ቤቱን አይደለም!» አለችው።

በጋው እስኪመጣ ድረስ በእጇ እየዳሰሰች፣ አንዳንዴም በመቀመጫዋ እየተንፏቀቀች ትወጣና ትወርድ ነበር። መንገደኛ ቆሞ ይስቅ ነበር፣ ልጆችም እንደ እሷ እየተንፏቀቁ ያሾፉብን ነበር። አንዱን ይዤ ክንዱን ነከስኩት፤ ዛሬም አልጸጸትም።

በጋ ሲገባ ጎረቤታችን ባቢከር፣ አልጋና በር የሚሠራው ሰው፣ በጨለማዋ ጨረቃ የተቆረጠ ሽመል አስሮ አመጣላት። እናቴ እያንዳንዱን በጣቷ እያንኳኳች ታዳምጥ፣ ጉልበቷ ላይ ትለምጥ፣ የተቆረጠበትን ታሸት ነበር። ቀጭኑን «እጄ ውስጥ ይጠፋል»፣ ወፍራሙን «ጣቴ አይገጥምበትም» እያለች ትመልሰዋለች።

«ወላሂ ሐዋ፣ ሚስት ስመርጥ እንኳ ይህን ያህል አልደከምኩም» አላት ባቢከር።

«ሚስትህን ስለማውቃት አምንሃለሁ» አለችው።

በመጨረሻ አንዱን ያዘችና «ይኸው» አለች። ባቢከር ዘይት ቀብቶ፣ በእሳት አቃንቶ፣ አንጓዎቹን ሊልግ ቢላዋ ሲያነሳ እናቴ እጁን ያዘችው። «አንጓውን እንዳትነካ! ልስላሴው ለሚያይ ሰው ነው። እኔ የት እንደደረስኩ የሚነግረኝ አንጓው ነው።» ያሰረውም በግራ በኩል ነበር፤ እግሯ ድንጋዩን ሳይረግጥ እጇ እንዲያገኘው ጫፉን ከደረጃው አሳልፎ ወደ ታች አወረደላት።

ሽማግሌዎቹ መጥተው ደጃችን ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጡ፣ አጎቴም ከጎናቸው። እናቴ ሁለት ሙሉ ቅል አንጠልጥላ ከወንዝ መጣች፣ ሽመሉን ዳስሳ አገኘችና መውጣት ጀመረች። መሃል ላይ ስትደርስ የኋላው ቅል ተወዛወዘ፣ ውሃው ፈሰሰ፣ እናቴም ቆመች።

«አላልኳችሁም?» አለ አጎቴ ብድግ ብሎ።

እኔ ልደግፋት ሮጥኩ። «እንዳትነኪኝ!» አለችኝ ዞር ሳትል። ቅሉ እስኪረጋ ጠበቀች፣ እጇን ወደሚቀጥለው አንጓ አሻገረች፣ ከዚያም ወጣች። በሩ ላይ ሸክሟን አወረደችና ወደ ታች ዞረች።

«ውሃ የጠማው ይውጣና ይጠጣ» አለች። «ናስር፣ አንተም ጭምር።»

ትልቁ ሽማግሌ ያንን ሽመል ይዘው ቀስ እያሉ ወጡና ጠጡ፣ ሌሎቹም ተከተሏቸው። አጎቴ ከፍየሎቹ ጋር ታች ቀረ። እሰይ!

ዛሬ ልጄ በሠራው ፎቅ ላይ ነው የምኖረው፤ ደረጃው ሲሚንቶ፣ መደገፊያው ብረት ነው። ጉልበቴ ደክሟል፣ ልጄም እግሬን እያሸ «እማዬ፣ በሞቴ፣ ታች ያለው ክፍል ይሻልሻል» እያለ ይለምነኛል። እናቴን የጮኸባት ቤቷን የተመኘባት ሰው ነበር፣ እኔን የሚለምነኝ ግን የሚወደኝ ልጄ ነው፤ ጩኸት በጩኸት ይመለሳል፣ ለሚወድህ ሰው እምቢ ማለት ግን እንዴት ይከብዳል! ቢከብድም ትናንት ማታ እምቢ ብዬዋለሁ፤ ዛሬም ከጠየቀኝ እምቢ እለዋለሁ።