በር የሚያህሉት ስፒከሮች

ዋቅጅራ ለቡ መብራት ኃይል አንድ ፈረንጅ ቤት ዘጠኝ ዓመት ዘበኛ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ በር የሚያህሉ ሁለት ስስ ስፒከሮች ቆመው ነበር፤ ኤሌክትሮስታቲክ ነው የሚባሉት። እንደሌላው ስፒከር የወረቀት ሆድ የላቸውም። ድምፁን የሚያወጣው በሁለት ወንፊት መሀል የተወጠረ ላስቲክ ነው። እሁድ እሁድ ሙዚቃ ሲከፈት ዋቅጅራ በረንዳው ላይ ይቀመጥና ይሰማል። የዘፋኟ ትንፋሽ እንኳ አያመልጠውም።

ፈረንጁ በተሰባበረ አማርኛው ነግሮታል። «ቀጭን ድምፅ ሲመጣ ይኼ ስፒከር የአምፕሊፋየሩን ጉልበት ይመጠምጣል። ብዙ የሚጮህ አይደለም የሚፈልገው፣ ሲመጠመጥ የማይደክም ነው።»

ፈረንጁ አገሩ ሲገባ አምፕሊፋየሩን አንድ ሰው፣ ስፒከሮቹን ጎረቤቲቱ እትዬ ተናኘወርቅ ገዙ። ዋቅጅራም መካኒሳ፣ ሃሩን የሚባል ቴፕና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ዘንድ ዕቃ ተሸካሚ ሆኖ ገባ።

እትዬ ስፒከሮቹን እንዲገጥምላቸው ሃሩንን ጠሩት። ሃሩን ለሠርግ የሚያከራየውን አምፕሊፋየር ዋቅጅራን አሸክሞ ሄደ። ገጠመው። ትንሽ ዘፈነና ማሲንቆው ሲገባ ቀጥ አለ። ቢያበሩት፣ መልሶ ቀጥ። ሃሩን በቴስተሩ የስፒከሩን ሽቦ ለካ። ዜሮ ሊሆን ምንም አልቀረው። ይኼ ስፒከር ጤነኛም ሆኖ እንደዚያ ነው የሚለካው፤ ሃሩን ግን የሚያውቀው የወረቀት ሆድ ያለውን ነው።

«ሾርት አድርጓል፣ እትዬ። ተቃጥሏል።»

«አምፕሊፋየሩ እንዳይሆን... ይመጠምጠዋል ይል ነበር፣ ፈረንጁ» አለ ዋቅጅራ፣ ሽቦ እየጠቀለለ።

«በር ስትጠብቅ ነው ኤሌክትሮኒክስ የተማርከው?» ሃሩን ሳቀ።

እትዬ ግን ወደ ዋቅጅራ ዞሩ። «አንተ ዘጠኝ ዓመት አብረሃቸው ነበርክ። እውነት ተቃጥለዋል? ያልከውን ነው የማደርገው።»

ነገሩ ምላሱ ላይ ነበረ። ቀና ሲል ሃሩን እያየው ነው። ቢያባርረው በዚህ ዕድሜው ማን ይቀጥረዋል?

«እኔ ምን አውቄ። ጋሽ ሃሩን ያውቃል።»

ሃሩን ላስቲኩን በምላጭ ቀዶ አወጣው፤ በባዶው ክፈፍ ላይ ኮምፐንሳቶ መትቶ የሚኒባስ ስፒከር ገጠመበት። ጮኸ። «ይጮሃል እንግዲህ» አሉ እትዬ፣ ፊታቸው ግን አልተፈታም። የተቀደደውን ላስቲክ በማዳበሪያ ከረጢት ወስዶ የጣለው ዋቅጅራ ነው። ምንም አይከብድም ነበር።

ሁለት ወር ቆይቶ ኑሪ የሚባል ሰው አንድ ትልቅ አምፕሊፋየር አቅፎ ሱቁ ገባ። ዋቅጅራ ዕቃውን ገና ከበሩ አወቀው፤ ክዳኑ ላይ ያለችውን ጭረት ሲወለውል ያወጣት እሱ ነው።

«አልተበላሸም» አለ ኑሪ። «ፈረንጁ ሲሸጥልኝ ስፒከሮቹ እዚያው ሰፈር ናቸው ብሎኝ ነበር። የሚያውቅ ይኖራል?»

«እኛ ጋ እንዲህ ያለ አልመጣም» አለ ሃሩን፣ ቀና ሳይል።

«አይተናቸዋል» አለ ዋቅጅራ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «ደህና ነበሩ። ይቺን አምፕሊፋየር ነበር የፈለጉት። እያወቅሁ ዝም ብዬ አስቀደድኳቸው።»

ሃሩን የሚበይድበትን ካውያ አስቀመጠ። «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ።»

ዋቅጅራ ኮቱን ከሚስማሩ አወረደ። ኑሪ አምፕሊፋየሩን መልሶ ማንሳት ሲከብደው ተቀበለውና እስከ ታክሲው ተሸከመለት። ክብደቱን ትከሻው አልረሳውም።