«ድምፁን ጨምሩት»

የአጎቴ አርባ ባለፈው ሳምንት ወጣ። እሁድ ከሰዓት ካዛንቺስ ቤታችን ድራማ ሲጀምር ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰብ ነበር። ክፉው ሰውዬ ብቅ ሲል ሁላችንም እንሳደባለን። አጎቴ ግን «ዝም በሉ! ድምፁን ጨምሩት፣ እስኪ እሱስ ምን ይላል?» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን «ጋሼ፣ ክፉ መሆኑን ግን አያውቅም?» አልኳቸው።

«ከየት አውቆ? ጠዋት እኮ ሥራ ልሄድ ነው ብሎ ነው የሚነሳው» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ። ፈላስፋ አጎት አለኝ እያልኩ ለጓደኞቼ አወራሁ።

ለቅሶው ላይ ቤታችንን ረግጠው የማያውቁ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን መጥተው ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። «ነፍስ ይማር» አሉ። ትንሽ ቆይተው፣ «በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሊቀመንበር ሆነው ልጄን ያስወሰዱት እሳቸው ናቸው። በዚያው ቀረ። እግራቸው ላይ ወድቄ ስለምናቸው፣ ‹ምን ላድርግ፣ ሥራዬ እኮ ነው› ነው ያሉኝ» አሉኝ።

ዛሬ እሁድ ነው። ወንበራቸው ላይ ማንም አልተቀመጠም። ክፉው ሰውዬ ብቅ ሲል ቤቱ በስድብ ተሞላ፤ «ዝም በሉ» የሚል የለም። ሪሞቱ እኔ እጅ ነበር፤ ድምፁን አጠፋሁት። ሰውዬው ግን ተረጋግቶ ማስረዳቱን ቀጠለ።