ኬዝ እንዳይነካ

ጁስ ቤቱ ፎቅ ላይ ነው። ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ ጨርቅ በጅምላ ከሚሸጥበት ሕንፃ ጎን ባለው ጠባብ ደረጃ ይወጣል። ደረጃው ክረምት ከበጋ እርጥብ ነው፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም። ላይ ሲደረስ መስኮቱን ተከትለው የተደረደሩ ወንበሮች አሉ፤ ሁሉም ፊታቸው ወደ መንገዱ ነው። እዚያ ቁጭ ብሎ ማንጎና አቮካዶ የተደራረበበት ስፕሪስ በማንኪያ እየቀመሱ የታቹን ግርግር ማየት ከሲኒማ ይበልጣል። ማታቱዎቹ፣ የከተማው ታክሲ ሚኒባሶች፣ ጎናቸው ላይ የኳስ ተጫዋችና የዘፋኝ ፊት ተስሎባቸው፣ በሙዚቃ መስታወቱን እያንቀጠቀጡ፣ ጭቃውን እየረጩ ይመጣሉ። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ላሜራውን በመዳፉ ይደበድባል። የሱማሌ እናቶች ጥቅል ጨርቅ አሸክመው እጃቸውን ዘርጋ ሲያደርጉ ያ ሁሉ መኪና ይቆማል። ስምንት ዓመት አየሁት፤ አልሰለቸኝም።

እኔ በግድግዳው በኩል የመጀመሪያው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። እሱ ሦስተኛው ላይ። መሃል ያለው ወንበር ላይ ሰው እንዳይቀመጥበት ቦርሳዬን አደርግበታለሁ። ለሚያየን ሰው ሁለት የማይተዋወቁ ደንበኞች መንገድ እያዩ ጁስ ይጠጣሉ። እኔና እሱ እንዲህ ሆነን ነው ስምንት ዓመት የተዋደድነው።

ምክንያቱ ኬዝ ነው። ናይሮቢ ውስጥ ከእኛ ሰው ጋር አንድ ሰዓት የተቀመጠ ሁሉ ይህን ቃል ሳይሰማ አይነሳም። ኬዝ ማለት ስደተኛው ወደ ሌላ አገር እንዲሄድ የተከፈተለት ፋይል ነው። ብቻውን ሆኖ የተመዘገበ ሰው ብቻውን ሆኖ መቆየት አለበት፤ አገባሁ ካለ፣ ወለድኩ ካለ፣ ፋይሉ እንደ አዲስ ይታያል፣ ሰልፉ ጭራ ላይም ይመለሳል ይባላል። ማን እንዳለው አይታወቅም፤ ግን ሁላችንም እናምናለን። ስለዚህ ኬዝ ያለው ሰው አያገባም። ስልክ ቁጥር አይቀይርም። አልጋ አይገዛም፣ ነገ ለምሄደው ብሎ ፍራሹን መሬት ላይ ያነጥፋል። እገሌ ታመመ ሲባል እንኳ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሕመሙ ኬዙን ይነካበት እንደሆነ ነው።

ከእሱ ጋር የተገናኘነው ቸርች ውስጥ ነው። እኔ ሰው ቤት ድረስ እየሄድኩ ሹሩባ እሠራለሁ፤ እሱ ኢምባካሲ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ዕቃ ያሽጋል። የእሱም የእኔም ፋይል ለየብቻ፣ በተለያየ ዓመት የተከፈተ ነው። ቸርች ውስጥ ሁሉም ሰው ወንድምና እህት ስለሚባባል መደበቂያችን እዚያው ተዘጋጅቶ ጠበቀን። ድንገት መንገድ ላይ የምናውቀው ሰው ቢያጋጥመን «የቸርች እህቴ ናት» ይላል፣ እኔም አንገቴን ደፋ አድርጌ «ወንድም፣ በርታ» ብዬው ወደ ሌላ አቅጣጫ እሄዳለሁ። አንዳንዴ ሁለት መንገድ ዞሬ ስመለስ እዚያው ቆሞ ሲስቅ አገኘዋለሁ። እኔ ግን ሁልጊዜ አልስቅም ነበር። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ የሰረቅኩት ዕቃ ያለ ይመስል መደበቅ ያናድደኛል።

ቤት የሌለው ፍቅር ከተማ ያውቃል። እኔ ናይሮቢን ያወቅኳት አግዳሚ ወንበር ስፈልግ ነው። ሲቲ ፓርክ ውስጥ ከትልቁ ዛፍ ሥር ያለው ድንጋይ የእኛ ነው፤ ጦጣዎቹ ከእጅ ሙዝ ነጥቀው ይወጡና ከላይ ሆነው ልጣጩን ይጥሉብናል። ኪሌሌሽዋ፣ ሀብታሞቹ ሰፈር፣ ሹሩባ ልሠራ ስሄድ እሱ ማታቱ መቆሚያው ላይ ይጠብቀኛል፤ ከዚያ ሐምራዊ አበባ በሚያራግፉት ዛፎች ሥር እየሄድን ሰገነት እንመርጣለን። «ያኛው፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ልብስ የተሰጣበት» ይለኛል። እኔ ደግሞ ወጥ ቤቱ ፀሐይ አያገኝም ብዬ እጥለዋለሁ። አንድም ቀን በአንድ ቤት ተስማምተን አናውቅም፤ እንደ እውነተኛ ባልና ሚስት እንጨቃጨቃለን። በየመሃሉ ፖሊስ ብቅ ካለ ወረቀታችንን አውጥተን፣ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ፣ ዝም ብለን እናልፋለን።

ከሁሉ የምወደው ግን የኢምባካሲው አጥር ነው። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ከሥራ ሲወጣ እሄዳለሁ። ከአጥሩ ማዶ አውሮፕላኖቹ ጎማቸውን ዘርግተው ሲወርዱ ከታች ሆኖ የሆዳቸውን ብሎን መቁጠር የሚቻል ይመስላል። መንገዱ ዳር ያለችው ሴትዮ በቆሎ ከሰል ላይ ትጠብሳለች፤ ሎሚውን ግማሽ ቆርጣ፣ በርበሬና ጨው ነክራ፣ ትኩሱን በቆሎ ታሽበታለች። «ፒሊፒሊ ኪዶጎ?» ትለኛለች፣ በርበሬው ትንሽ ይሁን ወይ ማለቷ ነው። ብዙ አድርጊበት እላታለሁ። እሱ በርበሬ አይችልም፤ ዓይኑ እያነባ ይበላል። አውሮፕላን ሲነሳ ሁለታችንም እንዳላየን እንሆናለን። ሲወርድ ግን በደንብ እናያለን።

ነገራችንን የሚያውቁት ጎረቤቴ ብቻ ናቸው ብዬ አስብ ነበር። ኤርትራዊት ናቸው፤ አማርኛቸውን ልጅ ሆነው አዲስ አበባ የተማሩት፣ አሁንም የዚያን ዘመን አማርኛ የሚናገሩ። ናይሮቢ የመጡት ለስድስት ወር ነበር፤ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ክፍላቸው ውስጥ ከባድ የእንጨት ቁምሳጥን አለ፤ አራት ሰው ሆኖ የማያነሳው። በኬዝ ሰዎች ዓይን እብደት ነው። አንድ ቀን ጣራ ላይ ልብስ ስናሰጣ ጨረፍ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ እናንተ ናይሮቢን እንደ አውቶቡስ ፌርማታ ነው የያዛችኋት» አሉኝ። «ሰው ፌርማታ ላይ ስምንት ዓመት ይቆማል?»

«እማማ፣ ከደረሰልን አብረን እንኖራለን» አልኳቸው።

«ማን ነው የሚደርስልሽ? ላንቺ ይደርሳል፣ ለእሱ ይደርሳል። ለሁለታችሁ የሚደርስ ነገር የት ተጽፏል?»

ተቀየምኳቸው። ለሳምንት ያህል ሰላምታዬን አሳጠርኩ። የተቀየምኩት እውነት ስለተናገሩ ነበር።

ከዚያ ለእኔ ደረሰኝ። ስልክ ተደወለ፤ ኢንተርቪው ተባልኩ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ አጥሩ ጋ ቆመን ነገርኩት።

«ስለ አንተ ቢጠይቁኝ ምን ልበል?» አልኩት።

«የመሰለሽን በይ።»

«ምን ይመስልሃል ነው ያልኩህ።»

«ኬዝሽን እንዳትነኪው ብቻ» አለኝ።

የፈለግኩት ሌላ መልስ ነበር። «ስሜን ጥሪ፣ የመጣው ይምጣ» ቢለኝ እጠራው ነበር። ይህን ዛሬም እምላለሁ። እሱ ግን የእኔን ዕድል ማበላሸት ፈራ፤ እኔ ደግሞ እሱ ካላለኝ ለምን ልጀምረው ብዬ ኮራሁ። አውሮፕላን በላያችን ወረደ፤ የቀረውን ንግግር ድምፁ ዋጠው። ሲያልፍ ሁለታችንም አልቀጠልንም።

የኢንተርቪው ክፍሉ ጠባብና ንጹሕ ነበር። ጠያቂዋ ወጣት ነጭ ሴት ነች፤ አጠገቧ አስተርጓሚው፣ ጨዋ የሆነ ያገሬ ሰው፣ እጁን አጣምሮ ተቀምጧል። ስለ መጣሁበት መንገድ፣ ስለ ሞቱት፣ ስለ ቀሩት ሁሉ ጠየቀችኝ። በመጨረሻ ወረቀቷን ገለበጠችና ቀስ ብላ አንድ ነገር ተናገረች። አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞረ።

«ይህን በደንብ ያድምጡ። ዛሬ እዚህ ያልጠቀሱትን ሰው፣ ነገ ባሌ ነው፣ ቤተሰቤ ነው ብለው ማስመጣት አይችሉም። ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል።»

«እሺ። ባል፣ እጮኛ ወይም አብረው ለመኖር ያሰቡት ሰው...»

«የለም» አልኩ። ጥያቄውን እንኳ አልጨረሰም።

አስተርጓሚው ትንሽ አየኝ። የሚያውቀኝ አይመስለኝም፤ ግን ብዙ እንደ እኔ ዓይነት ሴቶች ያየ ይመስላል። «እርግጠኛ ነዎት?» አለኝ፣ ይህን ደግሞ ሴትየዋ ሳትጠይቅ። እርግጠኛ ነኝ አልኩት። ስምንት ዓመት የለመደ አፍ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ተሠርቶ፣ ተወልውሎ፣ ምላሴ ላይ ተቀምጦ ነበር። የሰጡኝ ወረቀት ላይ ፈረምኩ። ስወጣ እግሬ ደህና ይሄድ ነበር፤ የገረመኝ ይህ ነው።

ሲቲ ፓርክ ድንጋያችን ላይ ሆኖ ይጠብቀኝ ነበር። ሙዝ ገዝቷል።

«ምን አልሽ?» አለኝ።

«የለም አልኩ።»

ስለ ማስጠንቀቂያውም ነገርኩት፤ አልደበቅኩትም። ዛሬ ያልጠራሁትን ነገ መጥራት እንደማልችል፣ ያንንም ሰምቼ የለም እንዳልኩ። አንዱን ሙዝ መላጥ ጀመረ። ከዚያ ቀና ብሎ «ጎበዝ» አለኝ።

ጎበዝ። በሕይወቴ ብዙ ተሰድቤያለሁ፤ እንደዚህች ምስጋና ያመመኝ ስድብ የለም። ልመታው ፈለግኩ። ደግሞ ላቅፈው ፈለግኩ፤ ግን ሁለት የምናውቃቸው የቸርች ልጆች በመንገዱ ሲያልፉ አየሁና ከድንጋዩ ተነስቼ ቆምኩ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። የጤና ምርመራ፣ አሻራ፣ ከዚያም የበረራ ቀን። ጎረቤቴ እማማ ሲሰሙ ዕልል አላሉም። «እሱስ?» ብቻ አሉኝ፤ ከዚያ ሻንጣዬን በማዘጋጀት ረዱኝ።

ልሄድ ሳምንት ሲቀረኝ ቅዳሜ ጁስ ቤት ተገናኘን። ቀድሜ ገብቼ እንደ ልማዴ ቦርሳዬን መሃል ላይ አድርጌያለሁ። እሱ መጣ፣ ቦርሳውን አነሳ፣ ጭኔ ላይ አስቀመጠውና እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ትከሻው ትከሻዬን ነካው። ፈርቼ ዙሪያውን አየሁ።

«ምን ታያለሽ?» አለኝ። «አለቀ እኮ። ከእንግዲህ ምን ይነካል?»

አስተናጋጇ ሁለቱን ስፕሪስ ይዛ መጥታ ቆም አለች። እዚሁ ናይሮቢ ያደገች ልጅ ናት፤ አማርኛዋ እንግሊዝኛና ስዋሂሊ ይቀላቅላል።

«ዛሬ ቦርሳው ምን ሆነ?» አለች። «ሳሳ ታረቃችሁ?» አሁን ታረቃችሁ ማለቷ ነው።

«ድሮስ ማን ተጣላ?» አልኳት።

«አይ፣ እናንተ እኮ ካፕል ናችሁ። ሁላችንም እናውቃለን። ጥል ነው ብለን ነው።»

ሁላችንም። ያን ሁሉ ዓመት፣ ያን ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም፣ «ወንድም፣ በርታ» እያልኩ የዞርኩትን መንገድ ሁሉ፣ ጁስ ቤቱ በሙሉ ያውቅ ነበር፤ ማንም ደግሞ የትም ሄዶ አልተናገረም። እሱ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ከዚያ ሳቁ መንገድ ላይ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ። እጄን ጠረጴዛው ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ያዘኝ። እንዲያ ሆነን ሁለት ሰዓት ተቀመጥን። ታች ማታቱ ይጮሃል፣ ጭቃ ይረጫል፤ ከስምንት ዓመት ያን ሁለት ሰዓት ነው የምቆጥረው።

በረራው ሦስት ቀን ሲቀረው ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። ጉዞው ላልተወሰነ ጊዜ ተላልፏል። የእኔ ብቻ አይደለም፤ የሁሉም። ፋይልዎ ባለበት ይቆያል፣ በቤተሰብዎ ሁኔታ ለውጥ ካለ ወዲያው ያሳውቁ ይላል። ሻንጣው ላይ ተቀምጬ ደጋግሜ አነበብኩት። አልሄድኩም፤ ግን የለም ብዬ ፈርሜያለሁ። አሁን አለ ብል ዋሽተሻል እባላለሁ። የለም ያልኩት ሰው በማታቱ አርባ ደቂቃ ርቀት ላይ ዕቃ እያሸገ ነው። ደወልኩለትና አነበብኩለት። «እሺ፣ ቅዳሜ» አለኝ።

ቅዳሜ ቀድሜ ሄድኩ። ደረጃው እርጥብ ነበር። የግድግዳው ወንበር ላይ ተቀምጬ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ፣ እሱ ባስቀመጠበት ቦታ፣ በሁለት እጄ ያዝኩት። መሃሉን ባዶ ተውኩለት። ሲመጣ ከበሩ አየሁት፤ እሱም ወንበሩን አየ፣ እኔንም አየ።

ባዶውን ወንበር አልፎ ሦስተኛው ላይ ተቀመጠ።

ወደ እሱ አልዞርኩም። ተናድጄ ነበር፤ በእሱ ይሁን በራሴ ግን አላውቅም፣ ዛሬም አላውቅም። ታች አንድ ማታቱ ቆሞ ተሳፋሪ እየጠራ ነበር። አስተናጋጇ መጣች፣ ሁለታችንን አየች፣ አንዱን ብርጭቆ እኔ ጋ፣ ሌላውን እሱ ጋ አድርጋ ሄደች። ሁለት ልጃገረዶች ደረጃውን ጨርሰው መቀመጫ ሲፈልጉ ዓይናቸው በመሃላችን ባለው ወንበር ላይ አረፈ። ወደ እኛ መምጣት ጀመሩ።

ቦርሳዬን አነሳሁና መሃል ላይ አስቀመጥኩት።